የአሮጌ መኪና የጣሪያ ጨርቅ፦ ስለ መግዛት፣ መግጠምና መንከባከብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የማወራው ጣሪያውን ከውጭ ስለሚሸፍነው ጨርቅ ነው፤ በተለይ ጣሪያቸው ስለሚታጠፍ መኪኖች። ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመኪናዬ ጣሪያ ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። በጥፍርዎ ፋቅ ሲያደርጉት ድርና ማጉ ከተሰማዎት፣ ውሃ ሲነካውም ቀለሙ ጠቆር የሚል ከሆነ የጥጥ ሸራ ነው። ፊቱ እንደ ቆዳ ሆኖ ውሃ ሳይመጥ የሚያንሸራትት ከሆነ ቪኒል ነው። ሦስተኛው ድርብ ጨርቅ ነው፤ ላዩ ሽመና፣ መሃሉ ስስ ጎማ፣ ውስጡ ገበር። ብዙ ሰው ይህን «ሞሄር» ይለዋል። ስሙ የመጣው ከአንጎራ ፍየል ፀጉር ነው፤ ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ግን በአብዛኛው ላዩ አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) የሆነ ጨርቅ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ጠርዙ ጋ ይሂዱ። ስቴፕሉን የሚሸፍነውን ጥብጣብ በጥንቃቄ ከፍ ያድርጉና የተቆረጠውን የጨርቁን ጫፍ በማጉያ መነጽር ይዩት። ድርብ ጨርቅ ከሆነ በሁለት ጨርቆች መሃል ጥቁር የጎማ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያው ፀሐይ ያላየው ቦታ ላይ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም ተደብቆ ታገኙታላችሁ። ውጭ ግራጫ የሚመስል ጣሪያ ከጥብጣቡ ስር ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ ሲገኝ ባለቤቱ ራሱ ይደነግጣል። ይህን ቦታ በቀን ብርሃን ፎቶ ሳያነሱ ምንም ነገር አይዘዙ።

ጨርቁን ልጠግነው ወይስ ልቀይረው?

ስፌቱ ብቻ ተተርትሮ ጨርቁ ጤነኛ ከሆነ ይጠገናል። ክር ከጨርቁ ቀድሞ ያረጃል፤ በድሮው ቀዳዳ በኩል በእጅ መልሶ መስፋት ይቻላል። በስለት የተቀደደ ትንሽ ቦታም ከውስጥ በኩል በተመሳሳይ ጨርቅ ቢለበድ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

የማይጠገኑት ግን አሉ። የድርብ ጨርቁ ንብርብሮች ተላቀው ላዩ ላይ ፊኛ ከሠራ፣ መሃሉ ያለው ጎማ ሞቷል ማለት ነው፤ የሚመልሰው ማስቲሽ የለም። ቪኒሉ በየእጥፋቱ ተሰነጣጥቆ ከስሩ ያለው ክር ከታየ እንደዚሁ። የጥጥ ሸራን ደግሞ በሁለት እጅ ይዘው ቀስ ብለው ይወጥሩት፤ እንደ ወረቀት «ጭር» የሚል ድምፅ ካሰማ ድሩ በስብሷል። እንዲህ ያለውን መለበድ በልባዱ ዙሪያ አዲስ ቀዳዳ መክፈት ነው።

ቪኒል ይሻላል ወይስ የተሸመነ ጨርቅ?

መጀመሪያ መኪናው ምን ነበረው? የኔ ምክር ሁልጊዜ ከዚያ ይነሳል። ብዙ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የአሜሪካ ተጣጣፊ ጣሪያዎች ከፋብሪካ በቪኒል ነው የወጡት፤ በእነሱ ላይ ውድ ሽመና መግጠም መኪናውን ያልነበረውን ያስመስለዋል። በተቃራኒው፣ ሽመና የለበሰ የቅንጦት መኪና ላይ የሚያብረቀርቅ ቪኒል ከሩቅ ዓይን ይወጋል።

በአገልግሎት ረገድ ሁለቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቪኒል ለመታጠብ ቀላል ነው፣ ውሃም በፊቱ አያሳልፍም። ነገር ግን የሚያለሰልሰው ኬሚካል በሙቀትና በፀሐይ ከዓመት ዓመት እየተነነ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ይደርቃል፣ ይጠብባል፣ ይሰነጠቃል። በቁመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ የጠበበ ጣሪያ ከፊት መስታወቱ ጋር ለመቆለፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አክሪሊክ ቀለሙ ክሩ ሲሠራ ጀምሮ ውስጡ ስለሚገባ ፀሐይን በደንብ ይችላል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም፤ ግን አቧራና የወፍ ኩስ በሽመናው ውስጥ ይይዛል፣ የውሃ መከላከያውም በየጊዜው መታደስ አለበት። የጥጥ ሸራ ከሁሉም የሚያምር ይመስለኛል፤ ከሁሉም በላይ እንክብካቤ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ጨርቁን ከየት አገኛለሁ?

መንገዱ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ለመኪናው ሞዴል ተቆርጦና ተሰፍቶ የሚመጣ ሙሉ ጣሪያ ነው። እንደ ኤምጂቢ ወይም እንደ ቮልስዋገን ቢትል ካብሪዮሌ በብዛት ለተመረቱ መኪኖች ይህ በቀላሉ ይገኛል። ሲያዙ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን የሻንሲ ቁጥሩንም ይስጡ፤ አንድ ሞዴል በምርት ዘመኑ መሃል የጣሪያው አጥንት (ጨርቁን የሚሸከመው ተጣጣፊ ማዕቀፍ) ወይም የኋላ መስኮቱ ሊለወጥ ይችላልና። ሁለተኛው ጨርቁን ከጣቃ ላይ በሜትር ገዝቶ በታፒሴሪ ባለሙያ ማሰፋት ነው፤ ብርቅ ለሆነ መኪና ሌላ ምርጫ የለም። በዚህ ጊዜ «ለመኪና ጣሪያ የተሠራ» መሆኑን ያረጋግጡ። ስቴይፋስትና ሶነንላንድ የሚባሉት ድርብ ጨርቆች፣ በእንግሊዝ የቅንጦት መኪኖች ላይ የሚታወቀው ኤቨርፍሌክስ የተባለው ቪኒል ባለሙያዎች በስማቸው የሚጠሯቸው ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ የዚያን ሞዴል ባለቤቶች ማኅበር መጠየቅ ነው። ትክክለኛውን የቆዳ መልክ፣ የገበሩን ቀለም፣ የስፌቱን ስፋት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጨርቁ የሚቆረጥበትን የወረቀት ቅድ ይዘው ያውሳሉ። ከሻጭ በፊት እነሱን ያናግሩ።

ከ40 ዓመት በፊት ተመርቶ ያልተከፈተ ኦሪጅናል ጣሪያ አገኘሁ። ልግዛው?

ልብ የሚያማልል ነገር ነው፤ እኔም ተማልዬ አውቃለሁ። ካርቶኑ ላይ የፋብሪካው ምልክት አለ፣ ጨርቁ አልተነካም፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ነገር ግን ጎማና ቪኒል በካርቶን ውስጥም ያረጃሉ። ታጥፎ የኖረበት መስመር ላይ ብዙ ጊዜ ተሰንጥቋል፣ ወይም ሲወጠር ይሰነጠቃል። ክሩም ከጨርቁ እኩል አርጅቷል።

ከመግዛትዎ በፊት በእጥፋቱ መስመር ላይ ያለውን ቦታ ከውጭም ከውስጥም በቅርብ የተነሳ ፎቶ ይጠይቁ። ዘርግተው ማየት ከቻሉ አንድ ሙሉ ቀን ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከዚያ እጥፋቱን በጣትዎ ቀስ ብለው ይጫኑት። ነጭ መስመር ካወጣ ይተዉት። ተሰንጥቆም ቢሆን ግን ለቅድነት ይጠቅማል፤ ፋብሪካው የቆረጠውን ልክ ከእሱ የበለጠ የሚነግርዎ የለም።

ስንት ሜትር ያስፈልገኛል? ቀለሙስ እንዳይለያይ ምን ላድርግ?

የጣሪያ ጨርቅ በአብዛኛው በ137 ወይም በ152 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይመጣል። የተለመደው ጣሪያ መሃሉን ከፊት መስታወት እስከ ኋላ የሚሸፍን አንድ ረጅም ቁራጭና ሁለት የጎን ቁራጮች አሉት፤ አንዳንዱ የኋላ መስኮቱን የሚይዝ አራተኛ ይጨምራል። አሮጌውን ወለል ላይ ዘርግተው ይለኩ፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ባለሙያው ይዞ የሚወጥርበት 10 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ለጥብጣቡና ለወደፊት ጥገና የሚሆን ግማሽ ሜትርም ደርቡ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጣቃ ይግዙ። ይህን የምለው ተቃጥዬበት ነው። አንድ ጊዜ ጨርቅ አንሶኝ ከሳምንታት በኋላ «ያው ነው» ተብዬ ያንኑ የቀለም ቁጥር ጨመርኩበት። ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ አንድ ነበሩ። ተሰፍቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን የግራው ጎን ወደ ቡናማ፣ የቀኙ ወደ አረንጓዴ አደላ፤ መኪናው ከሁለት ጣሪያ የተጋባ መሰለ። ፈታሁት፣ እንደገናም ገዛሁ። በአንድ ቁጥር የሚጠራ ቀለም በተለያየ ጊዜ ሲነከር በጥቂቱ ይለያያል፤ ያ ጥቂት ደግሞ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይጮኻል።

ሌላው የሽመናው አቅጣጫ ነው። የሁሉም ቁራጮች ድር ከፊት ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን የጎን ቁራጭ አዙሮ የሚቆርጥ ሰው ብርሃኑ በተለያየ መንገድ የሚያርፍበት፣ በተለያየ መጠንም የሚለጠጥ ጣሪያ ይሠራል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ላይ በጠመኔ ወደ ፊት የሚያመለክት ቀስት ይሳል።

የከባድ መኪና ሸራ ወይም የድንኳን ሸራ ብጠቀምስ?

ውሃ ይከላከላል፣ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉም ይገኛል፤ ሰው ለምን እንደሚያስበው ይገባኛል። ችግሩ እነዚህ የተሠሩት ተዘርግተው ወይም በገመድ ታስረው እንዲውሉ እንጂ በቅስት (ጨርቁን ከስር በሚደግፈው የአጥንቱ ጎባጣ ክፍል) ላይ ተወጥረው ሺህ ጊዜ እንዲታጠፉ አይደለም። የከባድ መኪና ሸራ ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ የጣሪያው አጥንት ሲታጠፍ ቦታ ያጣል፤ ማጠፊያ ክንዶቹን ያጣምማል፣ በእጥፋቱም ቶሎ ይሰበራል። የድንኳን ሸራ ደግሞ ሲረጥብ ይሰበሰባል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ነፋስ እንደ ከረጢት ይነፋዋል።

ጊዜያዊ መፍትሔ ከፈለጉ ለጀልባ ሽፋን የሚሠራው አክሪሊክ ከሁለቱም ይሻላል፤ ፀሐይና ውሃ ለምዷል። የጎማ ንጣፍ ስለሌለው ግን በከባድ ዝናብ ያንጠባጥባል፣ የነፋሱ ድምፅም ወደ ውስጥ ይገባል። ጣሪያው ብረት ሆኖ መሃሉ ብቻ በጨርቅ ለተሸፈነ መኪና ይህም አይሆንም።

በራሴ መግጠም እችላለሁ?

ተሰፍቶ የመጣ ጣሪያን ትዕግሥት ያለው ሰው ይገጥመዋል። ከጣቃ መቁረጥና መስፋት ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤት ያለው የልብስ ስፌት ማሽን ሦስትና አራት ንብርብር ጨርቅ እኩል አይገፋም፣ የላዩ ንብርብር ወደ ኋላ እየቀረ ስፌቱ ይጠመዘዛል።

ከጨርቁ በፊት አጥንቱን ይመርምሩ። አሮጌውን ከማንሳትዎ በፊት ጣሪያውን ዘግተው ከአራት አቅጣጫ ፎቶ ያንሱ፤ በቅስቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ለክተው ይጻፉ። ቅስቶቹን በቦታቸው የሚይዙት ጠፍር መሰል ጥብጣቦችና በጎንና በጎን ያሉት ፓዶች (ከጨርቁ ስር የሚነጠፉት ንጣፎች) ናቸው። እነሱ ካረጁ ቅስቱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አዲሱ ጨርቅም በተሳሳተ ልክ ይወጠራል። ፓዶቹን ሳይቀይሩ ጨርቁን መቀየር ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር ነው። ቀጥሎ ስቴፕሉ የሚመታበትን እንጨት በወስፌ ወጋ ወጋ ያድርጉት። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይይዛል። የበሰበሰው ያለ ምንም ድምፅ ይውጠዋል፣ ሲነቅሉትም ቡናማ ዱቄት ተከትሎ ይወጣል። ያንን እንጨት መቀየር ግዴታ ነው።

ሲገጥሙ ቪኒልን ሞቅ ባለ ቀን ይግጠሙ፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ካርቶኑን ቀደም ብለው ከፍተው ፀሐይ ላይ ዘርጉት፣ እጥፋቱ ይለቃል። የተሸመነው ጨርቅ ግን ብዙም ስለማይለጠጥ ሙቀት አይረዳውም፤ ልኩ ከመጀመሪያው ትክክል መሆን አለበት። መሃሉን ይያዙና ወደ ጎን ይሂዱ፣ ከፊትና ከኋላ እየተፈራረቁ ይሳቡ። መጀመሪያ ጥቂት ስቴፕል ብቻ መትተው ጣሪያውን ይክፈቱና ይዝጉት፤ ሲዘጋ እጅግ ከከበደ ፈትቶ ማላላት ገና ቀላል ነው።

የትኛውን ክር፣ ማስቲሽና ስቴፕል ልጠቀም?

ክሩ ፖሊስተር ይሁን። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ፀሐይ ቶሎ ያደክመዋል፤ ጥጥ ይበሰብሳል። በመጠን «ቴክስ 90» የሚባለው ከ110 ቁጥር መርፌ ጋር ለአብዛኛው ጣሪያ ይስማማል። ስፌቱን አታጥብቡ፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ርቀት ያለው ስፌት ጨርቁን እንደ ቴምብር ይበሳዋል፣ በዚያው መስመርም ይቀደዳል።

ስቴፕሉ የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። ተራው ስቴፕል ሲዝግ ቡናማ እንባ በጨርቁ ላይ ይለቃል፣ እንጨቱንም ይበላል። ማስቲሹ ሙቀት የሚችል ይሁን፤ ጥቁር ጣሪያ ፀሐይ ላይ ሲውል ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ለጫማና ለወረቀት የሚሆነው ማስቲሽ ይቀልጥና ላዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። በሁለቱም ፊት ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ጣት ሲነካው የማይከተል እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያ ይጫኑት። ድርብ ጨርቅ ላይ ማስቲሽ አይብዛ፤ ፈሳሹ ወደ ጎማው ገብቶ ንብርብሩን ያላቅቃል።

እንዴት ነው የሚታጠበው?

በመጀመሪያ በደረቁ። አቧራው ሳይራገፍ ውሃ ከነካው ጭቃ ይሆንና ወደ ሽመናው ውስጥ ይሰምጣል፤ እዚያም እንደ አሸዋ ወረቀት ክሩን ይፈገፍገዋል። በለስላሳ ብሩሽ ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉት። ከዚያ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ አርሰው፣ ለዘብ ያለ ሳሙና በለብታ ውሃ በጥብጠው፣ በድሩ አቅጣጫ ይሹት። ቁራጭ በቁራጭ አይጠቡ፤ አንዱን ብቻ ያጠቡ እንደሆነ ዳርቻው ላይ ቀለበት ይቀራል። አረፋው እስኪጠፋ ድረስ አለቅልቁት፤ የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባል፣ የውሃ መከላከያውንም ያከሽፋል። ጥላ ስር ይድረቅ፤ እስኪደርቅ ድረስ አይታጠፍ።

በረኪና፣ ቤንዚንና ቀለም ማቅጠኛ ወደ ጣሪያው አይቅረቡ። በረኪና ሻጋታውን ያነጣዋል፤ አብሮ ግን ክሩንና ጎማውን ይበላል። ከፍተኛ ግፊት ያለው የውሃ ማጠቢያም እንደዚሁ ስፌቱን ከፍቶ ውሃውን ወደ ንብርብሩ ውስጥ ይነዳዋል። የወፍ ኩስ ሲያዩ አይፋቁት፤ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አልብሰው ሲለሰልስ ያንሱት። ባደረ ቁጥር ቀለሙን ይበላልና ለነገ አይበሉት።

ለተሸመነ ጨርቅ የውሃ መከላከያ ርጭት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ንጹሕና ፍጹም ደረቅ ጣሪያ ላይ ይረጫል። መስታወቱንና ቀለሙን በላስቲክ ሸፍኑ። ጊዜው መድረሱን የሚነግርዎ ውሃው ራሱ ነው፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከመውረድ ይልቅ ተዘርግቶ ከጠቆረ ደርሷል። ለቪኒል ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ይበቃል። የሚያብረቀርቁትን የሲሊኮን ቅባቶች ግን አልወዳቸውም፤ አቧራ ይይዛሉ፣ በኋላም ለጥገና ማስቲሽ ሲቀባ አያስይዙም።

ሻጋታ ይዞታል፤ ይለቃል?

ላዩ ላይ ያለው ይለቃል። ውጭ አውጥተው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ደረቅ ሆኖ ሳለ ብሩሽ ያድርጉት፤ ዱቄቱ ጋራዥ ውስጥ እንዳይበተን። ከዚያ በሳሙና ያጥቡ። የቀረው ነጥብ ላይ አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ በአራት እጅ ውሃ አቅጥነው፣ በማይታይ ጥግ ሞክረው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል አቆይተው ያለቅልቁ። ጥቁሩ ነጥብ ከክሩ ውስጥ ከገባ ግን ሕይወቱ ቢጠፋም ጥላው ይቀራል።

ሽታው ከጠራ በኋላም ከተመለሰ ከውጭው ጨርቅ አይፈልጉት። በውጭው ጨርቅና በውስጥ ገበሩ መሃል ያለው ፓድ ውሃ ይዟል ማለት ነው። እንደ ቢትል ካብሪዮሌ ባሉ ወፍራም ጣሪያ ባላቸው መኪኖች ላይ ይህ ፓድ ብዙ ነው፤ አንዴ ከረጠበ ለሳምንታት አይደርቅም።

የኋላው የፕላስቲክ መስኮት ደበዘዘ፤ ምን ላድርግ?

ላዩ ላይ ብቻ የተጫረ ከሆነ ለፕላስቲክ የተሠራ ማጥሪያ በለስላሳ ጨርቅና በእጅ ብዙ ይመልሳል። በማሽን አያድርጉት፤ ይሞቅና ይበላሻል። ቢጫነቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ድረስ ከገባ ግን አይመለስም፤ መስኮቱን ብቻ ተርትሮ አዲስ ፕላስቲክ መስፋት ይቻላል፣ ጣሪያው ጤነኛ ከሆነ ለዚህ ሲባል ሁሉም አይቀየርም።

እንዳይደበዝዝ፦ በደረቅ ጨርቅና በወረቀት አይጥረጉት፣ አሞኒያ ያለበትን የመስታወት ማጽጃ አይንኩት። ጣሪያውን ሲያጥፉ በፕላስቲኩ መሃል ንጹሕ ፎጣ ያስገቡ። ብርድ ሲሆን፣ በተለይ ከ10 ዲግሪ በታች፣ የመኪናውን ውስጥ ሳያሞቁ አያጥፉት፤ እንደ ደረቅ ቅጠል «ቀጭ» ይላል።

መኪናው ለወራት ሲቆም ጣሪያው ተዘርግቶ ነው ወይስ ታጥፎ?

ተዘርግቶ፣ ተቆልፎ፣ ደርቆ። ታጥፎ የከረመ ቪኒል ይጠብባል፣ የእጥፋት መስመሩም ስንጥቅ ይሆናል። ስለ ውጥረቱ የሚያስቡ ብዙ ሰዎች መቆለፊያውን በግማሽ ያላሉታል፤ ይህ ክፋት የለውም። የሚለብሰው ሽፋን አየር የሚያስተነፍስ ይሁን፤ ላስቲክ ከስሩ ላብ ይይዛል። አይጥ ፓዱን ለጎጆ ስለምትወደው በወር አንድ ጊዜ ገልጠው ይዩ።

አዲስ ጨርቅ አስገጠምኩ፤ አሁንም ውሃ ያስገባል። ለምን?

ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው ውሃውን ሳይገፋ በቀስታ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያፍስስ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው በሁሉም ቦታ ይወርድና ምንጩ ይጠፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ። ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታ የገባበት ቦታ አለመሆኑን ያስታውሱ፤ በቅስቱ ላይ ተንሸራቶ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ሊወድቅ ይችላል።

የበርና የመስኮት ጎሚኒውን (ክፍተቱን የሚዘጋውን ጎማ) በወረቀት ይፈትኑ። ቀጭን ወረቀት መሃሉ አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎሚኒው አይነካም። አዲስ ጨርቅ ጣሪያውን በጥቂቱ ወደ ላይ ሊያነሳው ስለሚችል ድሮ ይነካ የነበረ ጎሚኒ አሁን ሊርቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚስተካከለው የአጥንቱ መቆሚያ ነው። ከዚያ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹን ይዩ። ተጣጣፊው ጣሪያ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ማስወጫ አለው፤ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውሃው ወደ ወለሉ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ስፌቱ ነው፤ የመርፌው ቀዳዳ ውሃ ይስባል። ከውስጥ በኩል በስፌት ማሸጊያ ይቀቡት።

ከ1930ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራው መኪናዬ ጣሪያው ብረት ሆኖ ሳለ መሃሉ ጨርቅ የሆነው ለምንድን ነው?

በዚያን ጊዜ ሙሉውን ጣሪያ ከአንድ ላሜራ መጫን ገና አልተለመደም ነበር። ስለዚህ ዳር ዳሩ ብረት፣ መሃሉ ክፍት ይተውና በእንጨት ርብራብ፣ በሽቦ መረብ፣ በጥጥ ንጣፍ ላይ ቀለም የተቀባ ጨርቅ ይወጠርበታል። ጄኔራል ሞተርስ «ታሬት ቶፕ» ያለውን ሙሉ የብረት ጣሪያ በ1935 ሞዴሎቹ አመጣ፤ ፎርድም በ1937 ተከተለ። እንደ ፎርድ ሞዴል ኤ ያሉት ዝግ መኪኖች ግን ሁሉም መሃላቸው ጨርቅ ነው። ቻርልስ ዋይማን የሚባለው ሰው በ1920ዎቹ ከዚህ አልፎ ሙሉ አካሉን ጨርቅ አልብሶታል፤ የእንጨት መገጣጠሚያዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ በብረት ቁራጮች ስለያዛቸው መኪናው አይንጫጫም ነበር።

ለእነዚህ መኪኖች የሚያስፈልገው ተጣጣፊ ጨርቅ ሳይሆን እንደ ቆዳ የተቀባ ጥቁር ጨርቅ ነው። ርብራቡን፣ ሽቦውን፣ ጥጡን በቅደም ተከተላቸው መልሰው ይሥሩት። ጥጡ ተነስቶ ስፖንጅ ሲገባ ጣሪያው ከውጭ ያው ይመስላል፤ ስፖንጁ ግን ውሃ ይይዝና ርብራቡን ያበሰብሳል። ዳርቻው ላይ ያለውን ማሸጊያ አይዝለሉት፤ ውሃ የሚገባው ሁልጊዜ ጨርቁ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ነው።

በብረት ጣሪያ ላይ የተለጠፈው ቪኒል አበጠ። በመርፌ ወግቼ ማስቲሽ ባስገባስ?

እባክዎ አያድርጉት። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ፋሽን የነበረው ይህ ቪኒል ከስሩ እርጥበት ሲይዝ ብረቱ ይዝጋል፤ እብጠቱ አየር ሳይሆን ብዙ ጊዜ የዝገት ቅርፊት ነው። በጣትዎ ሲጫኑት «ክርች» ካለ እርግጠኛ ይሁኑ። ከኋላ መስታወቱ ስር ያለውን ጥግ መጀመሪያ ይፈትሹ፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው።

አንድ ጊዜ የእጅ መዳፍ የምታክል እብጠት አይቼ ቪኒሉን ገለጥኩት። ስሩ ያለው ላሜራ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ነበር፤ ከታች በኩል የውስጥ ገበሩ በቀዳዳዎቹ ታየኝ። ቪኒሉ ከላይ አሁንም ያብረቀርቅ ነበር። ስለዚህ ጨርቁን ከማዘዝዎ በፊት አሮጌውን ያንሱ፣ ለባቲላሜራ ባለሙያ ያሳዩ፣ ዝገቱ ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ፣ ላዩም በቀለም ተዘግቶ ፍጹም ይድረቅ። ጥሬ ብረት ላይ ማስቲሽ አይቀባም። የመስታወት ጌጥ መያዣዎቹም አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌው መያዣ ቀለሙን የሚቧጭርበት ቦታ የቀጣዩ ዝገት መነሻ ነው።

የመጀመሪያው የፋብሪካ ጨርቅ አሁንም አለ፤ ግን አስቀያሚ ሆኗል። ልቀይረው?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ልቤ ይከፈላል። ፋብሪካው የሰፋው ጣሪያ፣ ከነክሩ ቀለም፣ ከነስፌቱ ስፋት፣ ከነጥብጣቡ አጨራረስ፣ አንዴ ከተጣለ ማንም ሊመልሰው አይችልም። ውሃ የማያስገባ ከሆነና ጨርቁ ሲወጠር ካልተቀደደ ትተውት እንዲያጸዱት፣ ስፌቱን እንዲያጠናክሩ፣ ከስር ፓዶቹን ብቻ እንዲቀይሩ እመክራለሁ። የደበዘዘ ሽመናን ለጣሪያ በተሠራ ቀለም ማጥቆር ይቻላል፤ ቀለሙ ግን ጉዳትን አይሸፍንም፣ በሌላ ጊዜም አይወጣም። እኔ በመጀመሪያ ጨርቅ ላይ አልቀባም።

ውሃ እያስገባ ወለሉን የሚያበሰብስ ከሆነ ግን ጨርቁን ለማዳን ሲባል ብረቱን መሠዋት አይገባም፤ ይቀየር። ሲፈቱት በመቀስ አይቁረጡት። ስቴፕሉን አንድ በአንድ ይንቀሉ፣ የት እንደነበረ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በጠመኔ ይጻፉ። ደርቆ፣ ሳይታጠፍ በካርቶን ቱቦ ላይ ተጠቅልሎ፣ በጥጥ አንሶላ ተሸፍኖ ከመኪናው ጋር ይቆይ። የሚቀጥለው ባለቤት የስፌቱን ልክ ሲፈልግ የሚዘረጋው እሱን ነው።